ዝምታው ብልሽት ነው ወይስ ጥቃት? የወታደራዊ ጠፈር ጣቢያዎች መጠባበቂያ መገናኛ

ጁላይ 25 ቀን 2023 ሂዩስተን በሚገኘው የናሳ የጆንሰን ጠፈር ማዕከል መብራት ጠፋ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መዞሩን ቀጥሏል። ሂዩስተን ያሉት ተቆጣጣሪዎች ግን የጠፈርተኞቹን ድምፅ መስማትም፣ ትእዛዝ መላክም፣ የጣቢያውን የመሣሪያ ንባብ ማየትም አልቻሉም። ለጠፈርተኞቹ ምን እንደተፈጠረ የተነገራቸው በሩሲያ የመገናኛ መስመር በኩል ነው፤ ይህም የሆነው 20 ደቂቃ ሳይሞላ ነበር። ለእንዲህ ያለ ቀን ተብሎ የተዘጋጀው መጠባበቂያ የቁጥጥር ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ፤ በ90 ደቂቃ ገደማም ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ጠፈርተኞቹም ለአደጋ አልተጋለጡም።

ነገሩ እንዲህ በሰላም ያለቀው ጣቢያው የሲቪል ስለሆነም ጭምር ነው። የሚጋሩት አገሮች ምድር ላይ ቢኮራረፉም እዚያ ላይ አብረው ይሠራሉ፤ የአንዱ መስመር ሲቋረጥ በሌላው ይነጋገራሉ። አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥና ጣቢያው የጦር ሠራዊት ነው እንበል። ሥራው የተቀናቃኝ አገርን የሚሳይል እንቅስቃሴ መከታተል ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ደግሞ ከሰነበተ ውጥረት አለ። በዚህ መሀል ጣቢያው በድንገት ድምፁ ይጠፋል። አዛዡ በእነዚያ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ምን ይወስናል? «መብራት ጠፍቶ ይሆናል» ብሎ ይጠብቃል ወይስ «ተመትተናል» ብሎ ለበላይ ያሳውቃል?

ስለ ወታደራዊ መገናኛ ሲወራ መጠባበቂያ መስመር የሚታሰበው ትእዛዝ እንዳይቋረጥ ተብሎ ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። በጠፈር ላይ ላለ የጦር ጣቢያ የሚዘረጋ መጠባበቂያ መረብ ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ጣቢያው ለምን ዝም አለ? ትእዛዝ ማድረሱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጣቢያው ባይኖርም ጉዳዩ አለ

ዛሬ ሰው የተሳፈረበት ወታደራዊ የጠፈር ጣቢያ አለኝ የሚል መንግሥት የለም። ከዚህ በታች የምንገነባው መረብም በሐሳብ ያለ ነው። ታሪኩ ግን እንግዳ አይደለም። ሶቪየት ኅብረት «አልማዝ» በተባለ ወታደራዊ ፕሮግራም የሠራቻቸውን ጣቢያዎች «ሳልዩት» በሚለው የሲቪል ስም ሸፍና አምጥቃለች፤ ሳልዩት 3ን በ1974፣ ሳልዩት 5ን በ1976። በሳልዩት 3 ላይ መድፍ ተገጥሞ ነበር። ሠራተኞቹ ከለቀቁት በኋላ፣ ጣቢያው ከምሕዋሩ ሊወርድ ሲል፣ በጃንዋሪ 1975 ከምድር በተላከ ትእዛዝ ተተኩሷል። የአሜሪካ አየር ኃይልም ሰው የሚሳፈርበት የስለላ ጣቢያ ሲያሰናዳ ቆይቶ አንድም ጠፈርተኛ ሳይላክበት በጁን 1969 ተሰርዟል። ሰው አልባ ሳተላይቶች ያንኑ ሥራ በርካሽ መሥራት ጀምረው ነበርና።

ሕጉም በሩን አልዘጋውም። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ኒውክሌርና ሌላ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ በምሕዋር ላይ ማስቀመጥን ይከለክላል፤ በጨረቃና በሌሎች የሰማይ አካላት ላይ የጦር ሰፈር መሥራትንም እንዲሁ። በምድር ዙሪያ የሚዞር የጦር ጣቢያን ግን በስም ጠቅሶ አልከለከለም።

ጉዳዩን የዛሬ ያደረገው ሌላ ነው። ኖቬምበር 15 ቀን 2021 ሩሲያ ኮስሞስ 1408 የተባለ የራሷን አሮጌ ሳተላይት በሚሳይል መታች፤ ከ1,500 በላይ በራዳር የሚታዩ ስብርባሪዎች ተበተኑ፣ በዓለም አቀፉ ጣቢያ የነበሩት ጠፈርተኞችም (ሩሲያውያኑን ጨምሮ) ወደ መመለሻ መንኮራኩሮቻቸው ገብተው እንዲጠለሉ ተደረገ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ አሜሪካ ሩሲያ ሳተላይቶችን የሚያወድም የኒውክሌር መሣሪያ እያዘጋጀች ነው ስትል ከሰሰች። ሞስኮ አስተባበለች፤ በምሕዋር ላይ የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይቀመጥ የሚጠይቀውን የጸጥታው ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ ግን በኤፕሪል 2024 ድምፅን በድምፅ የመሻር መብቷን ተጠቅማ ውድቅ አደረገችው። ወታደራዊ ሳተላይት ያለው አገር ሁሉ ዛሬ ይህን ጥያቄ ተሸክሞ ነው የሚያድረው፤ ሰው የተሳፈረበት ጣቢያ ሲሆን ጥያቄው ይከብዳል እንጂ አይለወጥም።

ከመሬት ሲታይ ዝምታ ሁሉ አንድ ነው

ሳተላይት ወይም ጣቢያ ዝም የሚለው በተፈጥሮ ምክንያት፣ በብልሽት ወይም በጥቃት ነው። ችግሩ ሦስቱም ተቀባዩ ዘንድ ሲደርሱ አንድ ዓይነት መልክ መያዛቸው ነው፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ ይቆማሉ፣ በማዳመጫው ውስጥ ሹክሹክታ ብቻ ይቀራል።

ሜይ 23 ቀን 1967 የሆነው ለዚህ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ የከበደው ነው። በአላስካ፣ በግሪንላንድና በብሪታኒያ የነበሩት ሦስቱ የአሜሪካ የሚሳይል ማስጠንቀቂያ ራዳሮች በአንድ ጊዜ ታወኩ። ሆን ተብለው የታፈኑ መሰሉ። በዚያ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን እነዚህን ራዳሮች ማፈን የጦርነት ድርጊት ተደርጎ የሚቆጠር ነበር፤ የአሜሪካ አየር ኃይልም አውሮፕላኖቹን ማሰናዳት ጀመረ። ነገሩን ያበረዱት ፀሐይን የሚከታተሉ ጥቂት የአየር ኃይሉ ባለሙያዎች ናቸው። ከባድ የፀሐይ ማዕበል መነሳቱንና ራዳሮቹን ያወካቸው እሱ መሆኑን ለአዛዦቹ በጊዜ አሳወቁ። ዝርዝሩ ለሕዝብ በሰፊው የታወቀው በ2016 ነው። ልብ በሉ፤ ሰላም ያወረደው ከተበላሸው መሣሪያ ውጭ በሌላ መንገድ የመጣ አንድ አጭር መረጃ ነበር።

የብልሽትን ዝምታ ለመረዳት ደግሞ ሳልዩት 7ን ማየት ይበቃል። በፌብሩዋሪ 1985 ሰው ያልነበረበት ይህ የሶቪየት ጣቢያ የሬዲዮ ግንኙነቱ ተቋረጠ። በጁን ወር ቭላድሚር ጃኒቤኮቭና ቪክቶር ሳቪኒኽ በሶዩዝ ቲ-13 ተጉዘው፣ መንኮራኩራቸውን በእጅ እየነዱ ከማይናገረውና ከማይታዘዘው ጣቢያ ጋር ተጣመሩ። ሲገቡ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ውኃው በርዶ ረግቷል፣ ግድግዳው ላይ አመዳይ ተጋግሯል። ወፍራም ልብስና ኮፍያ አድርገው ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ከፀሐይ ሰሌዳዎቹ ጋር ማገናኘት ነበረባቸው። ምክንያቱ ሲጣራ የባትሪ አሞላልን የሚቆጣጠር አንድ ሴንሰር ሆኖ ተገኘ። ባትሪዎቹ ባዶ ሆነው ሳለ «ሞልተዋል» እያለ ኃይል እንዳይገባ ከልክሏል። ሬዲዮው ቢሠራ ኖሮ ከምድር በተላከ ትእዛዝ የሚታረም ነገር ነበር። መስመሩ ስለሌለ ግን ትንሿ ብልሽት 20 ቶን የሚያህለውን ጣቢያ ወደ በረዶ ቤት ለወጠችው።

ሁለት መስመር መኖሩ ብቻ መጠባበቂያ አያሰኝም

ብዙ ጊዜ መጠባበቂያ የሚባለው የዋናው ቅጂ ነው። ሁለት ሳተላይት፣ ሁለት ዲሽ፣ ሁለት የቁጥጥር ክፍል። ሁለቱም ግን በአንድ ሶፍትዌር ይሠራሉ፣ በአንድ ሰዓት ይመራሉ፣ የምስጢር መፍቻ ቁልፋቸውን ከአንድ ቦታ ይቀበላሉ። እንዲህ ያለው መጠባበቂያ «ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ዋናውን የጣለው ምክንያት እሱንም ይዞት ይወድቃል።

ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ከነ ዋትሳፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ሲጠፋ የሆነው ይኸው ነው። ለጥገና በተላለፈ አንድ ትእዛዝ የኩባንያው የውስጥ መረብ ተቋረጠ። መሐንዲሶቹ ከርቀት ገብተው እንዳያስተካክሉት የሚገቡበት መሣሪያ ራሱ በዚያው መረብ ላይ ነበር። የጠፈር ጣቢያም እንዲሁ ነው፤ መጠባበቂያውን «ተነስ» የሚለው ትእዛዝ በዋናው መስመር የሚሄድ ከሆነ መጠባበቂያ የለም ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የማይታየው ጥገኝነት ነው። ጃንዋሪ 26 ቀን 2016 አሜሪካ አንድ ያረጀ የጂፒኤስ ሳተላይት ከአገልግሎት ስታወጣ ስህተት ተፈጠረና ከሌሎቹ ሳተላይቶች የተወሰኑት 13 ማይክሮ ሰከንድ ያህል የተዛባ የሰዓት መረጃ አሠራጩ። መንገድ የሚፈልግ ሰው ልዩነቱን አላስተዋለም። ሰዓታቸውን በጂፒኤስ የሚያስተካክሉ የቴሌኮም መሣሪያዎች ግን የማስጠንቀቂያ ደወላቸው ለሰዓታት ሲያቃጭል ዋለ። ከአፈና ለማምለጥ ከአንድ ሞገድ ወደ ሌላው በፍጥነት እየዘለለ የሚናገር ወታደራዊ ሬዲዮ ላኪውና ተቀባዩ እኩል ካልዘለሉ አይግባቡም፤ እኩል ለመዝለል ደግሞ ሰዓታቸው መስማማት አለበት። ዋናውም መጠባበቂያውም ሰዓታቸውን ከጂፒኤስ ከቀዱ ጠላት ሁለቱንም መስመር ማጥቃት አያስፈልገውም። ሰዓቱን ማዛባት ይበቃዋል።

ሳተላይቱን ሳይነኩ መስመሩን መግደል እንደሚቻልም ታይቷል። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ልትወርር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀራት ኬኤ-ሳት በተባለው የቪያሳት ኩባንያ የሳተላይት ኢንተርኔት ላይ የሳይበር ጥቃት ተፈጸመ። ጥቃት አድራሾቹ የገቡት ምድር ላይ ባለው የማስተዳደሪያ መረብ፣ በትክክል ባልተዋቀረ ቪፒኤን (ከርቀት ወደ መረቡ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) በኩል ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞደሞች የውስጥ ማኅደራቸው ተደምስሶ ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ጀርመን ውስጥ 5,800 የሚሆኑ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እንኳ የርቀት መቆጣጠሪያቸው ተቋረጠ። ሳተላይቱ ግን ደህና ነበር።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንድ ምክንያት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲያገኛቸው ነው። ጁላይ 9 ቀን 1962 አሜሪካ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ 1.4 ሜጋ ቶን የኒውክሌር ቦምብ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አፈነዳች። የዛሬው ጣቢያ የሚዞርበት ከፍታ ማለት ነው። ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ባለችው ሃዋይ የመንገድ መብራቶች ጠፉ፤ በምድር ዙሪያ የታመቀው ጨረር በቀጣዮቹ ወራት በርካታ ሳተላይቶችን አበላሸ። በማግስቱ የመጠቀው ቴልስታር፣ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ሥርጭት አስተላላፊ ሳተላይት፣ በፌብሩዋሪ 1963 ሥራ አቆመ። ስለዚህ መጠባበቂያው ከጣቢያው ጋር በአንድ ከፍታ በሚዞሩ ሳተላይቶች ላይ ብቻ ከተመሠረተ፣ ቁጥራቸው መቶም ይሁን ሺህ፣ ከዚህ ዓይነቱ አደጋ አያመልጥም።

የቀደሙት ሰዎች የሞከሩት

ይህን ፍርሃት የዛሬ ስድሳ ዓመት የነበሩ መሐንዲሶች በደንብ ያውቁት ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጨረቃን እንደ ማንጸባረቂያ ተጠቅሞ በሃዋይና በዋሽንግተን አካባቢ መካከል መልእክት ይለዋወጥ ነበር፤ ጨረቃን ማንም መትቶ አይጥላትም። ጨረቃ ካልወጣች ግን መስመር የለም።

የኤምአይቲ ሊንከን ላቦራቶሪ የሞከረው ደግሞ ለማመን ይከብዳል። የባሕር ውስጥ ኬብሎች ቢቆረጡና ለአጭር ሞገድ ሬዲዮ ማንጸባረቂያ የሆነው ላይኛው አየር ቢታወክ በምን እንገናኛለን በሚል ስጋት፣ በሜይ 1963 ወደ 480 ሚሊዮን የሚጠጉ የመዳብ መርፌዎች በምድር ዙሪያ ተበተኑ። እያንዳንዳቸው 1.78 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነበራቸው፤ ለተመረጠው የሬዲዮ ሞገድ ልክ ግማሽ። ከካሊፎርኒያ የተላከ መልእክት ከመርፌዎቹ ቀለበት ላይ ነጥሮ ማሳቹሴትስ ደረሰ። ይሁንና መርፌዎቹ እየተበታተኑ ሲሄዱ መስመሩም ደከመ። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ሰማያችንን አታበላሹብን ብለው አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሙከራውም አልተደገመም። ከሐሳቡ ውስጥ የማደንቀው ነገር አለ። መርፌ ሶፍትዌር የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ ማንም ሰርጎ አይገባበትም። መጠባበቂያ በቀለለ ቁጥር የሚያጠቃውን ምክንያት ያጣል።

መረቡን እንገንባው

በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለ ጣቢያ በ90 ደቂቃ ገደማ ምድርን አንድ ጊዜ ይዞራል። አንድ የምድር ጣቢያ ሲያልፍ ሊያየው የሚችለው ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ ከአድማስ በታች ይሰወራል። ለዚህ ነው ዋናው መስመር 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ከምድር ጋር እኩል በሚዞሩ አስተላላፊ ሳተላይቶች በኩል እንዲያልፍ የተደረገው። አሜሪካ ይህን ከ1983 ጀምሮ ትጠቀማለች፤ ቻይናም ለራሷ ጣቢያ ተመሳሳይ ሳተላይቶች አሏት። ፈጣን ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሁሉም ነገር በእሱ ላይ ይንጠለጠላል። ሲጠፋም ሁሉም ይጠፋል።

መጠባበቂያው በፍጥነት ከዋናው ጋር ለመወዳደር መሞከር የለበትም። ቀርፋፋ መሆን አለበት፤ ቀርፋፋነቱ ጉድለት ሳይሆን ጋሻው ነው። ጩኸት በበዛበት ሥፍራ ራቅ ካለ ሰው ጋር የምንግባባው አንዲት ቃል ጎትተንና ደጋግመን በመጥራት ነው፤ ሬዲዮም እንዲሁ ነው። እያንዳንዷ ቢት (ትንሿ የመረጃ ቅንጣት) ረዘም ያለ ጊዜ ስታገኝ የምትይዘው ኃይል ይጨምራል፤ ይህን ሰፊ በሆነ የሞገድ ክልል ላይ ብንበትነው ጠላት ለማፈን ያን ሁሉ ክልል መሸፈን ይኖርበታል። አሜሪካ ለኒውክሌር ጦርነት ብላ የሠራቻቸውና ከ1994 ጀምሮ ያመጠቀቻቸው ሚልስታር ሳተላይቶች ዋነኛ መስመራቸው በሰከንድ ከ75 እስከ 2,400 ቢት ብቻ ያስተላልፍ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የእኛ መረብ በሰከንድ 100 ቢት ያስተላልፋል እንበል። ስለ ጣቢያው ሁኔታ የሚናገር 200 ቢት ያላት መልእክት በሁለት ሰከንድ ትደርሳለች። መልእክቷ የእውነት ከጣቢያው መምጣቷን የሚያረጋግጥ 512 ቢት ዲጂታል ፊርማ ቢታከልባት ሌላ አምስት ሰከንድ ይወስዳል። በአንድ የ10 ደቂቃ ማለፊያ 60,000 ቢት፣ ማለትም 7,500 ባይት ይተላለፋል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጻፍ ሁለት ሦስት ገጽ ማለት ነው። ቪዲዮ አይታይበትም፤ ሰው በሕይወት እንዳለ፣ ምን እንደተሰበረና አየሩ ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ ለመናገር ግን ከበቂ በላይ ነው።

በየትኛው ሞገድ? እዚህ ላይ እውነተኛ አጣብቂኝ አለ። በአጭር ሞገድ የሚላክ ምልክት ብዙውን ጊዜ ላይኛው አየር ላይ ታጥፎ ይቀራል፤ ከጠፈር ወደ ምድር አስተማማኝ አይደለም። በ145 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ሞገድ ግን ያልፋል። በዓለም አቀፉ ጣቢያ ላይ ያለውን የአማተር ሬዲዮ በእጅ በሚያዝ መቀበያ የሚሰሙ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ቀላል ነው፤ በዚያው ልክ ለመታፈን ቀላል ነው፣ ከኒውክሌር ፍንዳታ በኋላ በሚታወክ አየር ውስጥም ለረጅም ጊዜ ይታወካል። ሚልስታር የተጠቀመበት እጅግ ከፍተኛ ሞገድ (ወደ 44 ጊጋኸርዝ) ይህን ሁሉ ይቋቋማል፤ ግን በትክክል ያነጣጠረ ዲሽና ትክክለኛ ሰዓት ይፈልጋል። ሌዘርም ጨረሩ ጠባብ ስለሆነ ለማፈን አስቸጋሪ ነው፤ ደመና ግን ያግደዋል፣ ማነጣጠሩም ከሬዲዮ የባሰ ነው።

ሳልዩት 7 መልሱን የሰጠን ይመስለኛል። መጠባበቂያው በጣም የሚፈለገው ጣቢያው ኃይል አጥቶ፣ አቅጣጫውን ስቶ ሲንከባለል ነው። ያኔ ማነጣጠር አይቻልም። ስለዚህ የመረቡ የመጨረሻ ደረጃ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚረጭ ተራ አንቴና፣ የራሱ ባትሪ፣ የራሱ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳና ከጂፒኤስ ነፃ የሆነ ሰዓት ያለው ሳጥን መሆን አለበት፤ ከጣቢያው ዋና ኮምፒውተር ጋር በሽቦ የተገናኘ ሆኖም ከእሱ ትእዛዝ የማይጠብቅ። ዋናው መስመር ለተወሰነ ጊዜ ከጠፋ ራሱ ይጀምር። ከፍተኛው ሞገድና ሌዘሩ ከዚህ በላይ የሚደረቡ ናቸው። ከጣቢያው ጋር ተጣምሮ የሚቆመው የመመለሻ መንኮራኩርም የራሱ ሬዲዮና ኃይል ስላለው፣ እሱን ከመጀመሪያው የመረቡ አካል አድርጎ መቁጠር ይገባል።

ምድር ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ጣቢያ አይረዳም፤ በቀን ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚያየው። በርካታ ትንንሽ ጣቢያዎች፣ ግማሾቹ በመኪና ላይ የሚንቀሳቀሱ፣ በተራራቁ ኬንትሮሶች ላይ መበተን አለባቸው። ሶቪየቶች ይህን ክፍተት በመርከቦች ይሞሉት ነበር። ትልቁ የመከታተያ መርከባቸው «ኮስሞናውት ዩሪ ጋጋሪን» በ1971 ሥራ ጀምሮ፣ አገሪቱ ከፈረሰች በኋላ በ1996 ለብረታ ብረት ተሸጠ። መረብ ገንዘብ ሲያጣ ቀድሞ የሚቆረጠው መጠባበቂያው ነው፤ ምክንያቱም በሰላም ቀን ማንም አይጎድለውም።

የኋላ በር እንዳይሆን

መጠባበቂያ መስመር የራሱን አደጋ ይዞ ይመጣል። ጣቢያው የሚያምነው፣ ሰው ግን ዘወትር የማይከታተለው መስመር ለሰርጎ ገብ የተመቸ ነው። ቁልፎቹ በየጊዜው ካልተቀየሩ ይሰረቃሉ፤ ተቀይረው አንዱ ወገን ካልደረሰው ደግሞ በክፉ ቀን መስመሩ የራሱን ባለቤት አላውቅህም ይላል።

መፍትሔው ዘወትር መጠቀም ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በችግር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበራ ሬዲዮ አያስተማምንም። በዋሽንግተንና በሞስኮ መካከል በኦገስት 1963 የተከፈተው ቀጥታ መስመር እዚህ ላይ ጥሩ አርአያ ነው። የኬብሉ መንገድ በለንደን፣ በኮፐንሃገን፣ በስቶክሆልምና በሄልሲንኪ ያልፍ ነበር፤ መጠባበቂያ የሬዲዮ መስመሩ ደግሞ በታንጂር በኩል። አንድ ጊዜ አንድ የፊንላንድ ገበሬ ሲያርስ ኬብሉን ቆርጦታል። ሁለቱም ወገኖች በየሰዓቱ ተራ በተራ የሙከራ ጽሑፍ ይላላካሉ፤ ከሥነ ጽሑፍና ከመዝገበ እውቀት የተቀነጨበ፣ ከፖለቲካ ነፃ የሆነ ምንባብ። ዓላማው መስመሩ በሕይወት እንዳለ በየሰዓቱ ማረጋገጥ ነው። የጠፈር ጣቢያው መጠባበቂያም እንዲሁ በእያንዳንዱ ዙር ቢያንስ አንዴ መናገር አለበት።

ሳይነካ ቆይቶ የሠራም አለ፤ በኦክቶበር 2024 ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለችው የናሳ መንኮራኩር ቮዬጀር 1 ዋና ማሠራጫዋን አጥፍታ ከ1981 ወዲህ ያልተጠቀመችበትን ደካማ ማሠራጫ በራሷ አበራች። መሐንዲሶቹ ያን ደካማ ምልክት ፈልገው አገኙት። እጅግ የሚያስደስት ዜና ነበር፤ ጦር ጣቢያ ላይ ግን በእንዲህ ያለ ዕድል አይተማመኑም።

በዚህ መስመር ምን ይተላለፍ የሚለው ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው። የጣቢያው ሁኔታ፣ የጥገና ትእዛዝ፣ «መሣሪያ አጥፋ፣ ተረጋጋ» የሚል ትእዛዝ፣ «ተመለሱ» የሚል ትእዛዝ ይተላለፍበት። የተኩስ ትእዛዝ ግን በፍጹም። አሜሪካ እስከ 1991 ድረስ ከዚህ ተቃራኒውን ይዛ ቆይታለች፤ በሚኒትማን ሚሳይሎች ላይ ከቦምብ ይልቅ የሬዲዮ ማሠራጫ ጭና፣ ሌላው መስመር ሁሉ ሲወድም ወደ ሰማይ ተወንጭፈው የማጥቃት ትእዛዙን እንዲያሠራጩ አዘጋጅታ ነበር። ያ መጠባበቂያ የተሠራው ጦርነቱ እንዳይቆም ነው። በደካማ መስመር፣ ማንነትን ማጣራት በሚከብድበት ሰዓት፣ ሊመለስ የማይችል ትእዛዝ መላክ መፈቀድ የለበትም።

ለተቀናቃኝም የሚሰማ ድምፅ

እስካሁን የተነጋገርነው ጣቢያው ከባለቤቱ ጋር ስለሚነጋገርበት መንገድ ነው። ነገር ግን ጣቢያው ዝም ሲል የሚሳሳተው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ተቀናቃኙም የሌላውን ዝምታ «ተደብቆ እየተዘጋጀ ነው» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ በሳጥኑ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ምስጢር ያልሆነ፣ ማንም በተራ መቀበያ የሚሰማው፣ በየደቂቃው የሚደጋገም አጭር ምልክት። «ደህና ነኝ»፣ «ብልሽት አለብኝ»፣ «ተመትቻለሁ»፣ «ሰዎች እየወጡ ነው» ከሚሉት አንዱን ብቻ የሚናገር።

የጦር ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት ቅሬታ ቦታን ያጋልጣል የሚል ይሆናል። በዚያ ከፍታ ላይ ያለ ትልቅ ጣቢያ ግን አመሻሽ ላይ በባዶ ዓይን ይታያል፤ ራዳር ያለው አገር ሁሉ ምሕዋሩን ያውቀዋል። የሚጋለጥ ቦታ የለም። ሁለተኛው ቅሬታ ጠላት የሐሰት ምልክት ይልካል የሚል ነው፤ ይህ ከባድ ነው፣ መልስ ግን አለው። ከላይ የጠቀስኩት ዲጂታል ፊርማ ሁለት ቁልፍ አለው፤ የሚፈርመው ምስጢራዊ ሲሆን የሚያረጋግጠው ለዓለም ሁሉ ሊሰጥ ይችላል። ምልክቷ ሰዓቷን ጭምር ከያዘች ማንም ቀድቶ ነገ ሊያሰማት አይችልም። ባለቤቱ ራሱ ሊዋሽ ይችላል የሚለው ግን ይቀራል፤ ማንኛውም የመንግሥት መግለጫ ያለበት ችግር ነውና በፊርማ አይፈታም።

ለዚህ መነሻ የሚሆን ሕግ ቀድሞም አለ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በሴፕቴምበር 30 ቀን 1971 በተፈራረሙት ስምምነት፣ የሚሳይል ማስጠንቀቂያ ሥርዓቶቻቸው ወይም ከእነሱ ጋር የተያያዙ መገናኛዎች የመታወክ ምልክት ከታየባቸውና ይህም የኒውክሌር ጦርነት ስጋት ሊፈጥር የሚችል ከሆነ ወዲያውኑ ሊነጋገሩ ተስማምተዋል። በ1967 በራዳሮቹ ላይ የደረሰውን ዓይነት ነገር በቀጥታ የሚመለከት አንቀጽ ነው። ስምምነቱ ግን የሁለት አገሮች ብቻ ነው። በጃንዋሪ 2007 ሳተላይት መምታት እንደምትችል ያሳየችው ቻይናም፣ በማርች 2019 ያሳየችው ህንድም በውስጡ የሉም።

እነሱን ለማካተት አዲስ ስምምነት እስኪደረስ መጠበቅ የግድ አይደለም። በ1976 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት የምዝገባ ስምምነት አባል አገሮች ወደ ጠፈር የሚልኩትን ነገር የምሕዋሩን ልክና የአጠቃላይ አገልግሎቱን ዓይነት እንዲያስመዘግቡ ያዛል፤ ተጨማሪ መረጃ ማስመዝገብንም ይፈቅዳል። በዚያ መዝገብ ላይ የምልክቱ ሞገድና ፊርማውን የሚያረጋግጠው ቁልፍ ሊጻፉ ይችላሉ፤ አንድ አገር ብቻውን ሊጀምረው የሚችለው ሥራ ነው።